ጠጠር ፍለጋ የተቀደደው ነጋሪት

ሰው የማያምን አንድ ንጉሥ ነበር። ምግቡን ሦስት ቀማሾች ሳይቀምሱለት አይጎርስም፤ ቀማሾቹንም ስለማያምናቸው አራተኛ ቀማሽ ጨምሮባቸው ነበር። ዙፋኑን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ከዙፋኑ ጋርም አንድ ትልቅ ነጋሪት ወርሷል።

በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር የየራሱ ድምፅ ነበረው። ለሰርግ አታሞ ይመታል፤ ለምስጋና ከበሮና ጸናጽል ይወጣል። የንጉሥ ቃል የሚነገረው ግን በነጋሪት ብቻ ነው። በዝግታ ሦስት ጊዜ ከተመታ ትልቅ ሰው ሞቷል። ሳያቋርጥ ከተጎሰመ ጦር መጥቷል ማለት ነውና የደጋው ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ጋሻውን ያነሳል። ንጉሡን በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ የነጋሪቱን ድምፅ የማያውቅ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ያለው ጠላት ጦር እየሰበሰበ ነው የሚል ወሬ መጣ። ንጉሡ ነጋሪቱ እንዲዘጋጅ አዘዘና፣ እንደ ልማዱ፣ ሥራውን ራሱ ሊሰልል ወረደ። ሰዎቹ ነጋሪቱን በቅሎ ላይ ሊጭኑ ሲያነሱት ከውስጡ አንድ ነገር ሲንከባለል ሰማ። ጆሮውን ለጠፈ። አልተሳሳተም። ወዲያው ማሩ የሚባለውን ነጋሪት መቺ አስጠራ። ማሩ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ነጋሪት ሲሠራና ሲመታ ከኖረ ቤተሰብ የተወለደ ሽማግሌ ነው።

«ውስጡ ምን አለ?» አለው ንጉሡ።

«ጠጠር ናት፣ ጃንሆይ።»

«ማን ከተታት?»

«አባቴ። ቆዳው ከመወጠሩ በፊት አንዲት የወንዝ ጠጠር መክተት የቤታችን ልማድ ነው።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ራሱን አከከ። «እሱን እንኳ አላውቅም። አባቴም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁት።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማሩ ትንሽ ቀጣፊ ቢሆን ኖሮ «ለግርማ ሞገስዎ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። እውነተኛ ሰው ነውና አላውቅም አለ፤ ለተጠራጣሪ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ መልስ የለም። ንጉሡ መተት ነው ብሎ አሰበ። መተት ካልሆነም ለጠላት የሚሰጥ ምልክት ይሆናል። ምንም ካልሆነ ታዲያ ይህ ሽማግሌ ለምን ያልበዋል?

«ቅደደው!» አለ።

ማሩ መሬት ላይ ተደፋ። «ጃንሆይ፣ ጦሩ እስኪያልፍ እኔን ወኅኒ ያስገቡኝ። ይህ ቆዳ ከተቀደደ ሌላ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ ድምፅ እስኪያወጣ ሃያ ቀን ይፈጃል። እስከዚያ አገሩን በምን እንጠራዋለን?»

ንጉሡ ልመናውን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። ጎራዴውን መዝዞ ቆዳውን በገዛ እጁ ሰነጠቀው። ከውስጡ ያወጣት ነገር ባቄላ የምታህል ጠጠር ነበረች። አገላበጣት፣ አሸተታት። አላመነምና በድንጋይ ፈለጣት። ውስጧም ጠጠር ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠላት ወንዙን ተሻገረ። አዲሱ ቆዳ ገና እርጥብ ስለነበር ማሩ ቢመታው ቢመታው ከግቢው አጥር የሚያልፍ ድምፅ አልወጣውም። ንጉሡ መልእክተኞች ወደ ደጋ ሰደደ፤ እነሱን የሚሰልሉ ሌሎች ደግሞ አስከተለ። ደገኞቹ ግን «ጦር መጥቶ ቢሆን ነጋሪቱን እንሰማ ነበር። እናንተ ከቤት አስወጥታችሁን በሬዎቻችንን ልትነዱ ነው» ብለው አባረሯቸው። መልእክተኞቹ ቸግሯቸው አታሞ ተውሰው ቢመቱ፣ ሕዝቡ የማን ሰርግ ነው ብሎ ጠየቀ።

ከተማው በሁለት ቀን ተያዘ። ንጉሡ ያለ አጀብ፣ በአንዲት በቅሎ ሸሽቶ ደጋ ወጣ። አንድ መንደር አፋፍ ላይ ሲደርስ ጋሻ የያዙ ሰዎች አስቆሙት።

«እኔ ንጉሣችሁ ነኝ፤ ጠላት ከተማዬን ይዞብኛል። ተከተሉኝ!» አላቸው።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ንጉሡ ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን ሰውን ሲያይበት ኖሯል።

«ንጉሥ ከሆንክ ነጋሪትህ የታለ?» አለው ሰውዬው።

«በገዛ እጄ ቀደድኩት» አለ ንጉሡ። ሰዎቹም ሰላይ ነው ብለው በቅሎዋን ቀሙትና በእግሩ ወደ መጣበት መለሱት።

ወገኖቼ፣ መጠርጠር ነውር አይደለም፤ ጠላት ያለው ሰው ነቅቶ ቢኖር ደግ ነው። ውስጡን ካልቀደድኩ ምንም አላምንም የሚል ሰው ግን አንድ ቀን ለእሱ የሚመሰክርለትን ነገር በገዛ እጁ ቀዶ ያርፈዋል። ያን ጊዜ እውነት ቢናገር የሚያምነው አያገኝም። እስቲ እናንተም አስቡት፦ «አላውቅም» ብሎ እውነቱን ስለነገራችሁ ብቻ የጠረጠራችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ ቸግሯችሁ ብትጠሩት ይመጣላችኋል?