አያ ጅቦ ያስለወጠው ደንብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ምንጩ ሁሉ በደረቀበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የተረፈችው አንዲት ኩሬ ብቻ ነበረች። የጋራው፣ የሜዳውና የጫካው እንስሳት በሙሉ የሚጠጡት ከእርሷ ነው። ውሃ ባነሰበት ጠብ አይጠፋምና፣ እንስሳቱ በየዓመቱ የውሃ አባት የመምረጥ ልማድ ነበራቸው። የውሃ አባት ሥራው አንድ ነው፤ ኩሬዋ በየትኛው ሰዓት እንደምትከፈት ይወስናል። ከዚያ ሰዓት ውጭ አንድ ጉንጭ የጠጣ ከሸለቆው ይባረራል።

ይህ ትንሽ ሥልጣን የሚመስለው ተጠምቶ ለማያውቅ ነው። ካቻምና እመት ቀበሮ ተመረጠችና «ውሃ የሚጣፍጠው ጎህ ሲቀድ ነው» ብላ ኩሬዋን በማለዳ አስከፈተች። ጅግራዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይወርዱና ብቻቸውን ይመለሱ ጀመር። ዓምና ደግሞ አያ ጅቦ ተመረጠና «ምን ማለታችሁ ነው፣ ውሃ የሚጣፍጠው ጀንበር ስትጠልቅ ነው» አለ። ለምን ጀንበር ስትጠልቅ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ አህዮችም ብዙ ሳይቆዩ አወቁት።

በሜዳው የምትኖረው እመት አህዪት ካወቁት አንዷ ነበረች። ዓምና ታላቁ ውርንጭላዋ ለውሃ ወርዶ አልተመለሰላትም። ሐዘኑ ገና አልወጣላትም። ዘንድሮ የቀረውን ትንሹን ከጎኗ አትለየውም፤ በጠዋት ሣር ላይ ያደረውን ጤዛ እያስላሰች ታኖረዋለች። ጤዛ ደግሞ ጥምን ያታልላል እንጂ አያረካም።

«እማዬ፣ እኔም እንደ ሰው እስክረካ የምጠጣው መቼ ነው?» ይላታል።

«እኔ የውሃ አባት የሆንኩ ዕለት» ትለዋለች። «ያን ዕለት ኩሬዋ በእኩለ ቀን ትከፈታለች።»

እኩለ ቀን አያ ጅቦ በዋሻው የሚያንኮራፋበት፣ እመት ቀበሮም በጉድጓዷ የምታሸልብበት ሰዓት ነው። ሌላው ቢቀር ሁሉም ሁሉን በብርሃን ይተያያል። ስለዚህ አህዪት በየዓመቱ ለምርጫ ትቀርባለች፣ በየዓመቱም ይሳቅባታል። ጎረቤቷ ላም እንኳ ዘንድሮም መጥታ «እመት አህዪት፣ ልባችን ካንቺ ጋር ነው፤ ነገር ግን ጠጠራችንን ላንቺ ብንጥል መና ይቀራል፤ ጅቡ እንዳይመጣብን ለቀበሮ ነው የምንጥለው፣ አትቀየሚን» አለቻት። ወዲያ ማዶ ያሉት በጎች ደግሞ ቀበሮዋ እንዳትመጣባቸው ለጅቡ ሊጥሉ ቆርጠዋል። ፍርሃት ያለበት ሰፈር ሒሳቡ እንዲህ ነው።

አሁን ደንቡን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነውና። ጋራው ዘጠኝ ሰፈር አለው፤ ሜዳውና ጫካው ሰባት ሰባት። እያንዳንዱ ሰፈር ይመክርና ከተወዳዳሪዎቹ በአንዱ ቅል ውስጥ አንድ ጠጠር ይጥላል። ታዲያ በጥንቱ ደንብ፣ ከሦስቱ በአንዱ ወረዳ ብዙ ጠጠር ያገኘ ተወዳዳሪ የዚያን ወረዳ ጠጠር በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። በጫካው የምትኖር አንዲት ዲኩላ ዓምና ጠጠሯን ለአህዪት ጥላ ስታበቃ፣ ያቺው ጠጠር ወደ አያ ጅቦ ቅል ስትገለበጥ አይታ በድንጋጤ ጮኸች።

«አባ ኤሊ! እኔ እኮ የጣልኳት አያ ጅቦ እንዳይመረጥ ብዬ ነው!»

ቆጣሪው አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ ብሎ አወጣና «አውቃለሁ ልጄ፤ ደንቡ ግን አያውቅም» አላት።

የዘንድሮው ምርጫ ሲቃረብ እንስሳቱ በዋርካው ሥር ለጉባኤ ተጠሩ። እመት ቀበሮ ዋዜማውን ሜዳውን ስትዞር፣ ሰው ቤት እንደምትገባ ጎረቤት ሁሉን ስትጠይቅ ውላ ነበር። ያገኘችው ወሬ አልጣማትም። ጋራው ዘወትር የእሷ፣ ጫካው የጅቡ ነው፤ በሜዳው ግን ጅቡ በአንድ ሰፈር ይበልጣታል። በጥንቱ ደንብ ከሆነ ሜዳውን በሙሉ ይጠቀልልና ነገሩ ያበቃለታል። ስለዚህ ወደ ጉባኤው በሚወስደው መንገድ ላይ ተንደርድራ ከአያ ጅቦ ጎን ሆነች። እመት አህዪት ከኋላቸው ትመጣለች፤ ሁለቱም ከቁጥር አላስገቧትም። ጆሮዋ ግን እንደምታውቁት አጭር አይደለም።

«አያ ጅቦ፣ ዘንድሮስ ሜዳው የእኔ ነው» አለች ቀበሮ። «ሰባቱንም ጠጠር ጠቅልዬ መግባቴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው።»

«ምን?»

«ይቅር ይቅር። ብነግርህ ትጠቀምበታለህ።»

«በሞቴ፣ እመት ቀበሮ!»

«አይ እንግዲህ፣ በሞቴ ካልክማ ምን አደርጋለሁ። የሜዳው ጠጠር አይጠቅለል፣ ለየባለቤቱ ይከፋፈል ያልክ እንደሆነ ጉዴ ፈላ። ላንተም ይደርስሃላ።»

ለአያ ጅቦ ጆሮ «ይደርስሃል» ከሚል ቃል የሚበልጥ ሙዚቃ የለም። ምራቁ ከወዲሁ ሞላ። አህዪት ግን ከኋላ ሆና ቆም አለች። የሚፈሩትን ነገር ለጠላት ሄዶ መንገር ከመቼ ወዲህ ነው? ይህቺ ቀበሮ የምትፈልገው ይህንኑ ነው አለች በሆዷ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ጠጠር መከፋፈል ከተጀመረ፣ ያቺ የዲኩላዋ ጠጠርስ?

በዋርካው ሥር ሰብሳቢው ጌታው አንበሳ ነበር። ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል፤ ትዝታው ግን አላለቀም። ገና «እህ» ከማለቱ አያ ጅቦ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ፍትሕ! የሜዳው ጠጠር ይከፋፈል! ለሌላው ሳያስቀሩ ሁሉን ጠቅልሎ መብላት፣ ማለቴ መውሰድ፣ ስስት ነው!»

ጅብ ስለ ስስት ክፋት ሲናገር ሰምታ ዋርካው ላይ የተኛችው ጉጉት እንኳ በቀን ዓይኗን ገለጠች።

«ዓምና እዚሁ ቦታ ላይ» አለ አንበሳ፣ «ጠቅልሎ መውሰድ የአባቶቻችን ደንብ ነው፣ የነካው እጁ ይቆረጥ፣ ብለህ አልነበረም?»

«ዓምና ዓምና ነው ጌታዬ። ዘንድሮ አስቤበታለሁ።»

እመት ቀበሮ የተቆጣች መስላ ብድግ አለች። «የአባቶቻችን ደንብ አይነካም! ከነካችሁት እኔን ግደሉኝ!»

«አንቺስ» አለ አንበሳ፣ «ዓምና ይከፋፈል ብለሽ ሦስት ቀን አላለቀስሽም?»

«ያኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ጌታዬ፤ ዓይኔን ያስለቅሰኝ ነበር።»

ጉባኤው ሳቀ። ቀበሮዋ ትንሽ ተግደረደረች፣ ትንሽ አቃሰተች፣ በመጨረሻም በግድ የተረታች መስላ «እንግዲህ ሁላችሁም ከጨከናችሁብኝ፣ ይሁን፤ ሜዳው ይከፋፈል። ሜዳው ብቻ!» አለች።

አንበሳ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት እመት አህዪት ጉሮሮዋን ጠረገች። የአህያ ጉሮሮ ሲጠረግ ደግሞ ሳይሰማ አይቀርም።

«ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አያ ጅቦ የጋራው ድርሻው አያስፈልገውም ማለት ነው?»

አያ ጅቦ ዞረ። «የጋራው ምን?»

«ድርሻህ ነዋ። ሜዳው ከተከፋፈለ ጋራውስ? እዚያም አንድ ሁለት የሚወድህ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«አንቺ ደሞ ማን ጠየቀሽ! ዝም በይ!» አለች ቀበሮ። በዚያ ቀን ከአፏ የወጣ እውነተኛ ቁጣ ይህ ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ ቁጣዋን አየና ፊቱ በራ። «አሃ! ደነገጠች! እዚያ የደበቀችብኝ ነገር አለ! ጋራውም ይከፋፈል!»

«ጫካህስ?» አለ አንበሳ። «ጫካው እኮ ዘወትር የምትጠቀልለው ያንተ ወረዳ ነው።»

«ጫካውም! ሁሉም ይከፋፈል! ከሁሉም ይድረሰኝ!»

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ዲኩላዋ ከወደ ኋላ «ሁሉም ይከፋፈል!» ብላ ጮኸች፤ ሽኮኮዎቹ ተቀበሏት፤ ጅግራዎቹ አስተጋቡ። እመት ቀበሮ ዙሪያዋን ብታይ የአባቶችን ደንብ የሚያስታውስ አንድም ወዳጅ አጣች። አንበሳም ፈረደ፤ በሦስቱም ወረዳ ጠጠር ሁሉ በተጣለበት ቅል ይቀራል።

የሸለቆው መሐላ በውሃ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከኩሬዋ አንድ አንድ ጉንጭ ይጠጣሉ፤ ውሃውን የዋጠ ቃሉን አይተፋም ይባላል። አያ ጅቦ ተሽቀዳድሞ ዋጠ። ቀበሮ በአፏ ስታገላብጠው ቆየችና አንበሳ ሲያፈጥባት ዋጠች። አህዪት ስትጠጣ ትንሹ ልጇ ከሩቅ ሆኖ ጉሮሮዋን ያይ ነበር። ያቺን ጉንጭ ወስዳ አፉ ላይ ብታፈስለት ወደደች፤ መሐላ ነውና ዋጠችው።

የምርጫው ዕለት ነጋ። ላሟ ጠጠሯን እንደ ተናገረችው ለቀበሮ ጣለች፤ በጎቹም ለጅብ። ልማድ በአንድ ጉባኤ አይለቅም። አባ ኤሊ ቅሎቹን ከሦስቱ ወረዳዎች እስኪሰበስብ ፀሐይ መሀል ሰማይ ደረሰች፤ ማንም ግን አልተነሣም።

«ከጋራው» አለ ኤሊ፣ «እመት ቀበሮ አምስት። እመት አህዪት አራት።»

ጉምጉምታ ተነሣ። በጋራው ላይ አህያን የሚወድ እንዳለ ማን ያውቅ ነበር? ሽኮኮዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እያንዳንዱ እስከ ዛሬ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስብ ነበር።

«ከጫካው፣ አያ ጅቦ አራት። እመት አህዪት ሦስት። ከሜዳው፣ አያ ጅቦ ሦስት፤ እመት ቀበሮ ሁለት፤ እመት አህዪት ሁለት።»

ኤሊ ደመረ። እንደገና ደመረ። «አያ ጅቦ ሰባት። እመት ቀበሮ ሰባት። እመት አህዪት ዘጠኝ።»

«ቆይ ቆይ» አለ አያ ጅቦ ጭንቅላቱን እያከከ። «እኔ ሰባት፣ እሷም ሰባት። ታዲያ ዘጠኙን ማን በላው?»

ማንም ሳይመልስለት ገባው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጅብና ቀበሮ በአንድ ድምፅ ጮኹ። «የአባቶቻችን ደንብ ይመለስ!»

«አባ ኤሊ» አለ አንበሳ እየተደሰተ፣ «ለመሆኑ በአባቶች ደንብ ቢሆን ማን ያሸንፍ ነበር?»

«አያ ጅቦ ጌታዬ። ጫካውንም ሜዳውንም ጠቅልሎ አሥራ አራት ይሆንለት ነበር።»

አያ ጅቦ እንደ ተመታ ተቀመጠ።

«ሜዳው ብቻ ቢከፋፈልስ?»

«እመት ቀበሮ፣ በአንዲት ጠጠር።»

ቀበሮዋ ቀስ ብላ ዞረችና የአህዪትን ጆሮዎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እነዚያን ልብ ማለት ነበረብኝ» አለች።

«ሁለታችሁም ውሃውን ውጣችኋል» አለ አንበሳ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እመት አህዪት፣ ኩሬዋ መቼ ትከፈት?»

«አሁን» አለች አህዪት። «በየቀኑ በዚህ ሰዓት።»

ትንሹ ውርንጭላ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ አፍንጫውን ነክሮ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ጠጣ። እናቱ ደስ ብሏት አለቀሰች፤ ታላቁም አብሮ ቢጠጣ ኖሮ ብላም አለቀሰች።

ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለአህዪት ክብር በተሻለ ነበር፤ እኔ ግን የማውቀውን ልጨርስ። ጥቂት ሰንብቶ ላሟ ኩሬዋ ዳር እየተሽኮረመመች መጣች።

«እመት አህዪት፣ አሁንስ ሜዳው በሙሉ ያንቺ ነው፣ እኔም ጭምር። እንዲያው ለከርሞ ያ የጥንቱ ደንብ ቢመለስስ? ጅቡ በሜዳው ያለውን ሁሉ ጠቅልለሽ ትወስጃለሽ። መልካም ሰው ሲጠቀልል ምን ነውር አለው?»

እመት አህዪት ትንሽ አሰበች። ትንሽ እንኳ አይደለም፣ ደህና አድርጋ አሰበች፤ ሁለቱ ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። መጠቅለል እንዴት ደስ እንደሚል ያን ዕለት ገባት፤ ስለገባትም አፈረች። ቀና ስትል አያ ጅቦን አየችው። በቀን ብርሃን ዓይኑን እያጨናበሰ፣ ከጅግራዎቹ ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። «ጠቅልለሽ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ አፉ ምራቅ ሞልቶ ነበር።

«ይቅርብኝ እመት ላም» አለች አህዪት። «እሱ ደንብ አፉ ሰፊ ነው። ዛሬ ለእኔ ሲውጥልኝ ውሎ ነገ ልጄን ቢውጥብኝ ለማን አቤት እላለሁ?»

አያ ጅቦ ተራው ያልደረሰ መሆኑን ረስቶ ወደ ኩሬዋ አንድ እግሩን አነሣ። ትንሹ ውርንጭላ ከውሃው ውስጥ ቀና አለና «አያ ጅቦ፣ ከጅግራዎቹ ቀጥሎ ነህ» አለው። አያ ጅቦም እግሩን መለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ የምርጫን ደንብ የሚያወጣ ሁሉ ሲያሸንፍ ምን እንደሚያስገኝለት ሳይሆን ሲሸነፍ እንዴት እንደሚዳኘው አስቦ ማውጣት እንዳለበት ነው።