ታጠብና ግባ

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ የዝግባ አፋፍ ማርያም ደን አልቆ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ከመንገዱ በስተቀኝ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። መካከሉ እንደ ገበቴ ጎድጎድ ያለ ሲሆን ክረምት ከበጋ ጥቂት ውሃ አያጣውም። ስሙን ለሚጠይቅ እንግዳ «ታጠብና ግባ» ይሉታል። እንግዳውም የታዘዘ እየመሰለው እጅጌውን ሲሰበስብ የሰፈሩ ልጆች ይስቁበታል። በዚያ አገር በመስከረም ቀፎ የሰቀለ ሰው ከዛፉ ወርዶ በዚህ ድንጋይ ላይ ውሃ ሳይፈስለት ቤቱ አይገባም፤ የምታስታጥበውም ሴት ናት። አንዴ ከታጠበ ደግሞ ማር እስኪቆረጥ ድረስ የቀፎውን ክዳን መንካት ነውር ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ሽማግሌዎቹ የሚያወርዱት ታሪክ እንደሚከተለው ነው።

ነገሩ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተደረገ እነሱም አይስማሙም፤ አንዱ ከታላቁ ረሃብ በፊት ነው ሲል ሌላው የለም በኋላ ነው ብሎ ይቆጣል። የሚስማሙት በሰውየው ስም ላይ ነው፤ አንዳርጌ ይባል ነበር። አያቱም አባቱም ከደብሩ መሬት ተቆርሶላቸው፣ በምትኩ ለጥር ማርያም የሚበራውን የጧፍ ሰም ከራሳቸው ቀፎ ሲያቀርቡ የኖሩ ሰዎች ነበሩና መሬቱ ራሱ «የጧፍ መሬት» ይባል ነበር። ሰሙ ከቀረበ መሬቱ የእነሱ ነው፤ ሰሙ ከቀረ ለሌላ አገልጋይ ይሰጣል። ይህ ክፋት የለበትም፤ ካህናት በጨለማ ማኅሌት አይቆሙምና። የአንዳርጌ አባት ሊሞቱ ሲያጣጥሩም ስለ ከብቱ ስለ ጎተራው አንዳች አልተናዘዙም፤ «መብራቱ በአንተ እጅ እንዳይጠፋ» ብለው ብቻ ዐረፉ ይባላል። ይህች ቃል በአንዳርጌ ደረት ውስጥ እንደ እሾህ ተቀምጣ ቀረች።

አንድ ክረምት ታዲያ ሰው ሁሉ «ምነው ማርያም!» ያለበት በረዶ ወረደ። ቀፎዎቹ የተሰቀሉባቸው የዋንዛ ቅርንጫፎች እየተገነጠሉ ወደቁ፣ ቀፎዎቹም ተፈረካከሱ፣ ያልሞተው ንብም ወደ በረሃው ኮበለለ። አንዳርጌ ከዛፉ ሥር ቆሞ ጭቃ የገባውን የማር እንጀራ በእግሩ እያገላበጠ አለቀሰ። ንብ ደግሞ ሄደው ከጎረቤት የሚለምኑት ነገር አይደለም፤ የጎረቤቱም ቀፎ እንደ እሱው ተሰባብሯል።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ስለ ሰማይ ወፎች ሲሰበክ ሰማ፤ አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ ግን አባታቸው ይመግባቸዋል የሚለውን። ልቡ ተነካ። እስከ ዛሬ በራሴ እጅ ስለተመካሁ ነው እግዜር የቀጣኝ አለና፣ ከወደቁት ውስጥ ሳይሰበር የተረፈውን አንዱን አሮጌ ቀፎ አንሥቶ፣ ሳይመርገው፣ ሳያጥነው፣ የሸረሪቱን ድር እንኳ ሳይጠርግለት፣ እንደ ነገሩ ዛፍ ላይ ወሽቆት ወረደ። ከዚያ በኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር መዋል ሆነ ሥራው። የሚያልፍ የሚያገድመው «እንዴት ነው ንቡ?» ሲለው «የማርያም ጉዳይ ነው፤ እሷ ታውቃለች» ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አይጠፋም በየሰፈሩ።

ሚስቱ ይመኙሻል ትባላለች። ነገረኛ አልነበረችም፤ ግን ዝምታ ሲበዛ አይሆንላትም። ስለ ወፎቹ ደጋግሞ ሲነግራት አንድ ቀን እንጨት እየሰበረች ቀና ብላ፣ አይዘሩም አያጭዱም ተባለ እንጂ ጎጆ አይሠሩም አልተባለም አለችው። አንዳርጌ ተቆጣ፤ ጾም ላይ ስለነበር ግን ቁጣውን ዋጠው።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባው ሜዳውን ሲያለብሰው አንድ የንብ መንጋ እየተመመ መጣ። እሱም ከጸሎቱ ተነሥቶ ቀና ብሎ አየው። መንጋው ከዋንዛው ላይ ደረሰ፣ በዚያች አሮጌ ቀፎ አፍ ላይ ዞረ፣ አንድ ሁለት ንብ ገብታ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ገደሉ ወረደ። ንብ ማለት እንዲህ ናት፤ ባልተጠረገ ቤት አትገባም። አንዳርጌም አፉን ከፍቶ ቀረ።

የዚያ ዓመት ጥር ማርያም ከሌላ ደብር በተለመነ ጧፍ ተከበረ። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ዘለቀ ደግ ሰው ነበሩ። አንዳርጌን ለብቻው ጠርተው፣ አባትህን ስለማውቅ አንድ ዓመት ልታገሥ፣ በሚመጣው ጥር ግን ሰሙ ካልቀረበ መሬቱን ለሌላ መስጠቴ አይቀርም፣ በእኔም አትዘን አሉት። እሱ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። በመንገድ ላይ የአባቱ ቃል እየከነከነው ነበርና ቤቱ ሲደርስ ራት አልበላም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንዳርጌ ሌላ ሰው ሆነ። «እግዜር የሚረዳው የሚሠራውን ነው» ይል ጀመርና ከቅጥሩ ሥር መዋሉን ተወ፤ መተዉ ደግ፣ ነገር ግን ቅዳሴውንም አብሮ ተወው። በጋውን ሙሉ ሽመል ሲቆርጥና ሲሰነጥቅ፣ ቀፎ ሲያበጅ፣ በእበትና በጭቃ ሲመርግ ከረመ። ውስጡን በወይራ አጠነ፣ በጠጅ ሳር አሸ። በመስከረም አፋፉ ላይ ያለ ዛፍ ሁሉ የአንዳርጌን ቀፎ ተሸክሞ ታየ። ሰውም «ዛፉን ፍሬ ያፈራ አስመሰለው» እያለ ይስቅ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ቀፎ በአገሩ አልታየም ይባላል።

ንቡ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ትልቅ መንጋ ከሁሉ በሚበልጠው ቀፎ ገባ። አንዳርጌ ግን ደስታው አልበረከተለትም። ማልዶ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ጆሮውን ቀፎው ላይ ይለጥፋል፤ ድምፅ ሲያጣ ክዳኑን ከፈት ያደርጋል፤ ንቦቹ ሲቆጡ ጭስ ያበዛባቸዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክዳኑን በደንብ አልገጠምኩት ይሆናል ብሎ እንደገና ይወጣል። ፊቱ በንብ ተነድፎ አብጦ ሚስቱ ከሩቅ አላውቀው እስክትል ደረሰ። አንድ ጧት ወጥቶ ክዳኑን ሲከፍት፣ ባዶ። ጅምር የማር እንጀራ ብቻ ነጭ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ አንዲት ንብ እንኳ የለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አንዳርጌ ከዛፉ ወርዶ ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። አምና ባለመሥራቱ አጣ፣ ዘንድሮ በመሥራቱ አጣ፤ ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? እግዜር ራሱ የጠላው መሰለውና ፈራ።

አበባው ሊረግፍ ሲል፣ በጥቅምት፣ አንዲት ትንሽ መንጋ ዘግይታ መጣችና ከደኑ ጫፍ በተሰቀለው ቀፎ ውስጥ ገባች። ከእንግዲህ ሌላ መንጋ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። አንዳርጌ ይህን ሲሰማ የሚያጭደውን ጤፍ ጥሎ፣ ማጭዱን እንኳ ሳያስቀምጥ ሮጠ። ይመኙሻል ለአጫጆች ውሃ በቅል ይዛ ማሳ ላይ ነበረችና ሁኔታው ገብቷት ተከተለችው። ስትደርስ አንድ እግሩን ግንዱ ላይ አውጥቷል።

«ውረድ» አለችው።

እሱ ሌላውን እግሩንም አስከተለ። ጋቢውን ጎትታ ወደ ኋላ አወረደችውና እጁን ይዛ ከመንገዱ በስተቀኝ ወዳለው ጥቁር ድንጋይ ወሰደችው። እጁን ገልብጣ አየችው። እበት ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ደርቋል፣ መዳፉ በሽመል ተሰነጣጥቋል፣ ጣቱ በንብ አብጧል። ያን ጊዜ ሆዷ ባባ ይላሉ። ሰው ከእርሻ ሲመለስ እንደሚደረግለት ቅሏን አዘንብላ ታፈስለት ጀመር፤ እሱም ከልማድ የተነሣ ሳያስበው እጁን አሻሸ። በዚያ አገር እጁን የታጠበ ሰው ወደ ገበታ ይቀርባል እንጂ ወደ ሥራ አይመለስም። ይህ አሁን ሲገባው ደነገጠና እጁን ሊሰበስብ አለ።

«ምን እያደረግሽኝ ነው? እንደ ጲላጦስ እጄን ልታጠብ?»

ይመኙሻል ቅሏን አላቀናችም። «ጲላጦስ የታጠበው ሳይሠራ ነው» አለችው። «አንተ ሠርተሃል። ያንተ አልቋል፣ የቀረው የእግዜር ነው። ታጠብና ግባ።»

አንዳርጌ ታጠበ። ገባም፤ ግን እንዴት ያለ መግባት! በማግሥቱ እግሩ ሳያውቀው ወደ ዛፉ ሲያመራ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ሚስቱን አገኛት፤ ዳግመኛ አስታጠበችው። እንዲህ ስንት ቀን እንደተመላለሱ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ግን ጉንዳን በዛፉ ሥር ተሰልፎ አየና አሁንስ ምን ልሁን፣ ይህንንም ለእሱ ልተወው ብሎ ጠየቃት። አመድ አምጥታ አሸከመችው፤ አመዱ ያንተ ነው፣ ክዳኑ ግን ያንተ አይደለም አለችው። አንዳርጌ አመዱን በግንዱ ዙሪያ ነሰነሰ፣ ቁጥቋጦውን መነጠረ፣ ከዚያም ወደ ድንጋዩ ራሱ ሄዶ እጁን ዘረጋላት። ያን ቀን ከተቀመጠችበት ሳቀች ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጤፉን አጨደ፣ ወቃ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እንደ ቀድሞው ቅዳሴ ቆመ። ሲቆም ስለ ሰሙ አይለምንም ነበር፤ የሚለምነው እጁ ወደ ክዳኑ እንዳይሄድ ነበር። ቀስ በቀስ እንቅልፍ ወሰደው፣ ምግብም ተስማማው፤ እብጠቱም ከፊቱ ጎደለ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጭሱን ይዞ ወጣ። ክዳኑን ከፈተ። ንቡ አለ። ማሩም አለ፣ ብዙ አልነበረም፤ ዘግይታ የመጣች ትንሽ መንጋ ከዚህ በላይ አትሠራም። ለንቦቹ ቀለባቸውን ትቶ የቆረጠውን ሲያወርድ ይመኙሻል ከሥር ሻሽዋን ዘርግታ ተቀበለችው። እሱም እንደ ሕፃን እንባው ይወርድ ነበር።

ሰሙ ሲቀልጥ ከልማዱ አነሰ። ቄሰ ገበዝ ዘለቀ ሰሙን በእጃቸው መዘኑት። በኋላም ካህናቱ መብራት አጥተው ከሚቆሙ ጧፉ ይቅጠን አሉና፣ ክሩ በቀጭኑ ተፈትሎ፣ ሰሙም በስሱ ተነክሮ ለሁሉም ተዳረሰ። በጥር ማርያም ዕለት ከመቅደስ እስከ ቅኔ ማኅሌት ጧፍ ያልያዘ አንድ ሰው አልነበረም። የጎረቤት ደብር ሰዎች እስከ ዛሬ «የዝግባ አፋፍ ጧፍ፣ መርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ» እያሉ ያሾፋሉ፤ የአፋፉ ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ጧፋቸውን አላወፈሩም፣ አሁንም በቀጭኑ ነው የሚያበሩት። ቄሰ ገበዙ ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ አንዳርጌ ዞረው፣ እንዴት ሆነልህ አሉት። እሱም ሚስቴ አስታጠበችኝ ብሎ ሁሉን ነገራቸው። መሬቱም በእጁ ጸና፤ በሚቀጥለው መስከረም ቀፎ የሰቀለ ሰው ሁሉ ከየዛፉ እየወረደ ወደዚያ ድንጋይ መጣ፤ ይመኙሻልም ቅሏን ይዛ ቆማ ጠበቀችው።

ዛሬ የሚያስታጥቡት እማማ አትጠገብ ናቸው፤ ከይመኙሻል ዘር ነኝ ይላሉ፤ የሚከራከራቸውም የለም። አሁን ወደ ድንጋዩ የሚወርደው ባለ ቀፎ ብቻ አይደለም። ፈተና የተፈተነ ተማሪ ይመጣል፣ ልጇን ድራ ያስረከበች እናት ትመጣለች፣ ሙግቱን ተናግሮ ፍርድ የሚጠብቅ ይመጣል። እማማ አትጠገብ ግን ቅሉን ከማዘንበላቸው በፊት «እስቲ እጅህን» ይላሉ።

አምና ከአባቱ የወረሰውን ማሳ ጎርፍ እየበላበት የተቸገረ አንድ ጎልማሳ ከላይኛው መንደር ማልዶ መጥቶ ነበር። ብዙ ስለት ተስሎ፣ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ነው የመጣ። እጁን ዘረጋላቸው። ንጹሕ ነበር። እማማ አትጠገብ መዳፉን ይዘው ገልብጠው አዩና ቅሉን ቀና አደረጉት።

«ልጄ፣ ምኑን ልጠብልህ?» አሉት።

ጎልማሳው አፈረና ሽቅብ ተመለሰ። እሳቸው ግን ቅላቸውን ይዘው ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው ቆዩት። ማታ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ በማሳው አፍ ላይ ድንጋይ ሲደረድር ውሎ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ወረደ። ቅሉን አዘንብለው አፈሰሱለት፤ እሱም ታጠበና ገባ።