ሳይበጠር የገባ ዘር

አንድ ሰው ነበረ፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የዘር እህሉን እሱ ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። ጎተራዎቹ ለየራሳቸው ስም ነበራቸው፦ የስንዴ ዘር፣ የገብስ ዘር፣ የባቄላ ዘር። ስም ላልወጣለት እህል ጎተራ አይከፈትም። ስም ያለውንም ቢሆን ጠባቂው ደጅ ላይ እፍኝ ዘግኖ፣ በሰፌድ አበጥሮ ካላየ አያስገባም፤ ያልጠራውን ለባለቤቱ ይመልሳል። በዚህ ብዙ ሰው ያኮርፍ ነበር። ማሳው ግን ንጹሕ ነበር።

ጠባቂው ደግ ሰው ነው፤ ይሉኝታ ግን ያጠቃዋል። አንድ ቀን የክርስትና አባቱ ስንዴ አስጭነው መጡ። ሰፌዱን ሲያነሳ አይተው ቅር አላቸው።

«የኔንም ልታበጥር ነው?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ አባባ» አለና ሰፌዱን መልሶ ሰቀለው። ስንዴው እንዳለ ጎተራው ውስጥ ተገለበጠ።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ከዚያ ጎተራ ወስዶ ዘራ። ሳይበጠር በገባው ስንዴ ውስጥ የነበረው እንክርዳድም አብሮ በቀለ። ቡቃያ ሳለ ማንም አልለየውም፤ ሲያሸት ማሳው ሁሉ ተበላሽቶ ተገኘ። ዘሩ ተቀላቅሏልና ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተጣላ። የክርስትና አባቱ ማሳ ከሁሉም የከፋ ነበር። ጠባቂው ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ ያን ዕለት ብትመልሰኝ አንድ ሰሞን እቀየምህ ነበር። አሁን ልጆቼ ዓመቱን ምን ይብሉ?»



እንግዲህ ፋናዬ፣ «ለክሊኒኩ በፐርል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት የሕሙማን መመዝገቢያ ክላስ የተሰጠውን ሁሉ ቢቀበል ምን አለበት? መዝጋቢዎቹን ስህተት ስህተት እያለ ከሚያሰለቻቸው፣ ስህተቱ በኋላ ይስተካከላል» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ፐርልን ዝም ካልሽው ይሉኝታ እንዳጠቃው ጠባቂ ነው። መረጃውን በማያውቀው ወይም በተሳሳተ ስም ብታስቀምጪ አዲስ ጎተራ ከፍቶ ይቀበልሻል፤ ትክክለኛው ጎተራ ባዶውን ይቀራል። በክብደት ቦታ «ቀጭን ልጅ» ብለው ቢጽፉበትም ይቀበላል፤ ሲያሰላ ግን ዜሮ ያደርገዋል። ነርሷ መድኃኒት የምትለካው በዚያ ስሌት ነው። ስለዚህ ስሞቹን አስቀድመሽ ወስኚ፤ ከነሱ ውጪ የመጣውን ይመልስ። ክብደቱም ቁጥር መሆኑን ደጁ ላይ ይፈትሽ። የሚያኮርፍ ያኩርፍ። ዛሬ ተመለሰብኝ ብሎ የሚያኮርፈው መዝጋቢ፣ ነገ የታመመ ልጁን ይዞ የሚመጣው እዚያው ክሊኒክ ነው።