የጋሽ አንጁሎ ጣሳ

አንድ ሰው ጀልባ ሊገዛ ሄደ። አዲስ አይደለም፤ አዲስ ጀልባ በእኛ አገር ማን ይገዛል? ያገለገለ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ አርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም፣ ከመካከላችሁ ዘመዱ አይጠፋም።

ይህ ሰው ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። የእንጨት ጀልባውን ጉማሬ ሰባበረበት። እሱን እግዚአብሔር አተረፈው፣ ጀልባው ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሙዝ እርሻ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ዓሣ አጥማጅ ሙዝ ሲሸከም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሩ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ ዓይኑ ወደ ሐይቁ።

ሚስቱ ያን ቀን ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አለችው። "የፈለግከውን ግዛ። ውሃ የሚያስገባ ጀልባ ግን ይዘህ እንዳትመጣ። አራት ልጆች አሉን፤ ጉማሬው ደግሞ አሁን መልክህን ያውቀዋል።"

ሻጩ ጋሽ አንጁሎ ይባላሉ። በሰፈራቸው የተከበሩ፣ በሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው። ገዢው እንደ ልማዳችን በትከሻው ሰላም ሊላቸው ቀረብ ሲል፣ "ቀስ፣ ቀስ፣ በግራ አድርገው፤ ቀኙ በሽተኛ ነው" አሉት።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ስድስት ዓመቴ። ቅባቱንም ቀባሁት፣ ሐኪሙም ብርድ ነው አለኝ። ረቡዕ ረቡዕ ጉባኤው ይጸልይልኛል። ጀልባውን የምሸጠውም ለዚሁ ነው፤ ትከሻዬ ዓሣ ማጥመድ እምቢ አለኝ። ጀልባው ግን አዲስ በለው።"

ወገኖቼ፣ ይህቺን ትከሻ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ገዢው ጀልባውን ዞሮ አየው። የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ በጣቱ አንኳኳው። ከዚያ የሚስቱን ጥያቄ ጠየቀ። "ውሃ ያስገባል?"

ጋሽ አንጁሎ ቅር አላቸው። "ይሄ እንጨት አይደለም ልጄ። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የተወልን ነው። አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም። አንዲት ጠብታ አስገብቶ አያውቅም። ግባ፣ በዓይንህ እይ።"

ገቡ። ገዢው ይቀዝፋል፣ ጋሽ አንጁሎ ከኋላ ተቀምጠው ያወራሉ። "ይኸው፣ ደረቅ ነው" ይላሉ። ቀኝ እጃቸው ግን ከመቀመጫው ሥር የቲማቲም ድልህ ጣሳ አወጣ፤ ከእግራቸው ሥር ጨለፈ፤ ወደ ሐይቁ ደፋ። "ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ጀልባ ነው።" ጨለፍ፣ ደፋ። "አንድ ቀን እንኳ አስደንግጦኝ አያውቅም።" ጨለፍ፣ ደፋ።

ገዢው ግራ ገባው። የሽማግሌውን አፍ ይመን ወይስ የሽማግሌውን እጅ? ትልቅ ሰውን "ዋሹኝ" አይባል። ዝም እንዳይል ሚስቱ ትዝ አለችው። ራቅ ብሎ ደግሞ ሁለት ጉማሬዎች ጆሯቸውን ከውሃው ብቅ አድርገው ያዳምጣሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

"ጋሽ አንጁሎ፣ እጅዎ ምን እየሠራ ነው?"

"የትኛው እጄ?"

"ቀኙ።"

እጃቸውን አዩት። ጣሳውን አዩት። "እንዲያው ልማድ ነው" አሉና ደፉት።

"እስቲ ጣሳውን ያውሱኝ።" ተቀበላቸውና ተቀመጠበት። መቅዘፉንም ተወ።

ጋሽ አንጁሎ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እጃቸው ከመቀመጫው ሥር ይዳብሳል።

"ምን ጠፋብዎ?"

"ኧረ ምንም።" እጃቸው ግን ይዳብሳል። ጥቂት እንደቆዩ፣ አውልቀው ያስቀመጡት ሸበጥ ተንሳፍፎ በፊታቸው አለፈ። ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?"

"ከጫሞ።"

"ጣሳዬን መልስልኝ" አሉ፤ በዚህ ጊዜ አፋቸውና እጃቸው አንድ ነበሩ። አንዱ እየቀዘፈ፣ አንዱ እየጨለፈ ዳር ደረሱ። ጀልባውን ገልብጠው ሲያዩት፣ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ ጋር የያዙት ብሎኖች በሦስት ቦታ ላልተዋል።

ጋሽ አንጁሎ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጡ፤ ቀኝ ትከሻቸውን ያዙ። "መጀመሪያ በቀን አንድ ጣሳ ነበር" አሉ። "አንድ ጣሳ ምን አላት አልኩ። ሚስቴ 'ተኝተህ እጅህ ይጨልፋል' ስትለኝ፣ እርጅና ነው እላት ነበር። ልጄ፣ እኔ አልዋሸሁህም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። የሚዋሽ ሰው እጁን ይደብቅ ነበር።"

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ትከሻዋ ልመለስ። ጉባኤው ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጋሽ አንጁሎ ትከሻ ጸለየ። ጸሎቱ ጥፋት አልነበረበትም። ቀዳዳው ግን ትከሻቸው ላይ አልነበረም።

እናንተስ? "ቤታችን ሰላም ነው" ስትሉን እጃችሁ ምን እየሠራ ነው? ሚስትህ መናገር ስትጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው የማን እጅ ነው? "እህቴን ይቅር ብያታለሁ" ትያለሽ፤ ታዲያ ገበያ ስትሄጂ በእሷ በር ላለማለፍ ያን ሁሉ ዳገት የምትዞሪው ለእግርሽ ጤና ነው? እኔም አልቀርም። "አልተናደድኩም" እያልኩ በር ስዘጋ ጎረቤት ይነቃል። ደክሞናል እንላለን፣ እንቅልፍ አጣን እንላለን፣ ጸልዩልን እንላለን። ማን አይደክም? ቀኑን ሙሉ ስንጨልፍ እየዋልን።

ሰውየው ጀልባውን ገዛው ወይ ትሉኛላችሁ። አልገዛውም። ብሎኖቹ በአንድ ጠዋት ተጠበቁ፤ ጣሳው ሥራ ፈታ፤ የጋሽ አንጁሎ ትከሻ በወሩ ተሻላቸው። እሳቸውም "ትከሻዬ ከዳነ ለምን እሸጠዋለሁ?" አሉ። ገዢው አንገቱን ሲደፋ አዩት። "ቀዳዳዬን ያየህልኝ አንተ ነህ፤ ከዛሬ ጀምሮ መቅዘፊያው ያንተ፣ መረቡ የእኔ፣ ዓሣው የሁለታችን" አሉት። ሙዝ መሸከሙ በዚያው ቀረ። የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከበሩ "ውሃ ያስገባል?" አለችው። መልሱን በእጇ ሰጣት፤ ጣሳውን። ዛሬ ሽሮ ትሰፍርበታለች።

እንግዲህ አሁን ትከሻችሁን ይዛችሁ ወደዚህ ትመጣላችሁ፤ እንጸልያለን። ከዚያ በፊት ግን ጌታ "እስቲ ጣሳውን አውሱኝ" ሲላችሁ ስጡት። ሲቀመጥበትም አትደንግጡ። ውሃው ይታያል፣ ሸበጣችሁም ይንሳፈፋል። ይንሳፈፍ። ጣሳውን የወሰደባችሁ እኮ ዳር ቆሞ የሚያያችሁ አይደለም፤ መቅዘፊያውን ይዞ እዚያው ጀልባችሁ ውስጥ ተቀምጧል።