ያልተከመረ ነዶ

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥያቄሽን የረሳሁት እንዳይመስልሽ፣ እማዋይሽ። «ለጤና ጣቢያው የሠራሁት፣ እናቶች በስልክ ሲጽፉ በራሱ የሚመልሰው ቦት መልእክት ሲመጣለት እዚያው መመለስ እየቻለ፣ ለምን መጀመሪያ ክላውድ ላይ ወዳለው ኢቨንት ስትሪም መላክ አለበት? መንገድ ማብዛት አይሆንም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ኢቨንት ስትሪም ማለት፣ ክላውድ በምንለው በኢንተርኔት በሚገኝ ሩቅ ኮምፒውተር ላይ፣ የመጣው ሁሉ በአመጣጡ ተራ እየተደረደረ የሚቀመጥበት መስመር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ጥቅሙ ነው ያልታየሽ። ለገበሬውም አልታየውም ነበር።

ይህ ሰው ብልጥ ነኝ ባይ ነበር። ጎረቤቶቹ ጤፋቸውን አጭደው፣ ነዶውን ከምረው፣ ዝናብ እንዳያስገባ ጫፉን አሹለው፣ በሬ ሲመቻቸው ከክምሩ እያወረዱ ይወቃሉ። እሱ ይስቅባቸዋል። «አንድን ነዶ ሁለት ጊዜ የሚሸከም ሞኝ ነው» ይላል። የእሱ ነዶ ከማጭድ በቀጥታ አውድማ ይገባል፤ በሬዎቹም ወዲያው ያበራዩታል። እርሻው ትንሽ በነበረ ጊዜ ይህ ሠራለት። ለምን እዋሻለሁ፣ ከጎረቤቶቹም ቀድሞ እህሉን ጎተራ ያስገባ ነበር። ያኔ ማን ይናገረው!

ኋላ መሬት ጨመረ። ጤፉ አማረለት፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ላይ ደረሰ። የደረሰ ጤፍ ነገ ና አይባልም፣ ይረግፋል። ሰማዩም ያለ ወሩ ጠቆረ። ገበሬው ደቦ ጠራ፤ የአካባቢው ሰው ማጭዱን ስሎ በማለዳ መጣለት። ደቦ ቀን አለው፤ ነገ ተራው የሌላ ሰው ነው።

አጫጆቹ ገና ከእርሻው ጠርዝ ሳይርቁ አውድማው ሞላ። በሬ ደግሞ በሬ ነው፤ ቢቆጡት ከእግሩ በላይ አይሄድም። ገበሬው እጁን እያወዛወዘ «ቆዩ! አውድማው እስኪለቀቅ አትጨዱ!» አለ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ሸጉጠው ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው። ያን ሁሉ ጉልበት ይዘው፣ የደረሰ ጤፍ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ የበሬ ዙረት እያዩ ይጠጣሉ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። የተቀመጡትን አየች፣ ሰማዩን አየች። የልጆቿ የዓመት ቀለብ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ ሰውን አስቀመጥከው?» አለችው።

«ነዶው የት ይግባ? በሬዎቹ አልጨረሱም እኮ።»

አገልግሏን አስቀመጠች፣ ከአውድማው ዳር ድንጋይ ደረደረች፣ በላዩ እንጨት ረበረበች፣ የመጀመሪያውን ነዶ ራሷ ተሸክማ አምጥታ አጋደመችው። ከዚያ ወደ አጫጆቹ ዞራ «ወንድሞቼ፣ ተነሡልኝ! ነዶው ማረፊያ አግኝቷል!» አለች።

ባልየው «ሁለት ጊዜ ልታሸክሚኝ ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«አንድ ጊዜ ከማጣት ሁለት ጊዜ መሸከም ይሻላል» አለችና ሁለተኛውን ነዶ ልታመጣ ሄደች።

ደቦው ተነሣ። ማጭዱ በሬውን መጠበቅ ተወ፤ በሬውም በራሱ እርምጃ መዞሩን ቀጠለ። ሲመሻሽ ክምሩ ቆመ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። አውድማው ላይ የተሰጣው በሰበሰ፣ ሳይታጨድ የቀረው ጥግም መሬት ላይ ተኛ፤ ተቀምጠው የጠጡበት ጊዜ አይመለስማ። ክምሩ ውስጥ ያለው ግን ደረቅ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ ገበሬው ከክምሩ እያወረደ፣ በሬዎቹ በቻሉት መጠን ወቃ። በጎረቤቶቹም ላይ ዳግመኛ አልሳቀም።

እንግዲህ እማዋይሽ፣ አጫጁ ቦትሽ ነው። በሬዎቹ መልስ ፈልጎ የሚያዘጋጀው ፕሮግራምሽ ነው። ክምሩ ደግሞ ያ መንገድ ያበዛል ያልሽው መስመር ነው። ጥቂት እናቶች ሲጽፉልሽ ቦትሽ ሁሉን ብቻውን መሥራቱ አማረብሽ። የክትባት ቀን ሲታወጅ ግን ወረዳው በሙሉ በአንድ ማለዳ ይጽፋል፤ ያኔ ቦትሽ የአንዷን መልስ ሲፈልግ የሌላዋ መልእክት ደጅ ቆሞ ይረግፋል። ስለዚህ ቦቱ ይጨድ፣ ክምሩ ላይ ያድርግ፣ ለሚቀጥለውም እጁን ባዶ ያድርግ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ነዶው ክምሩ ላይ ሳያርፍ ቦቱ ለጻፈችው እናት «ደርሶኛል» እንዳይል። ያ ውሸት ነው። መላሹ ፕሮግራም ከክምሩ በአቅሙ ያንሣ፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲያውም ያንቺ ክምር ከገበሬው ይበልጣል፤ የእህል ክምር ሲወቃ ያልቃል፣ ያንቺን ግን አንዱ ቢያነብበው ለሌላው አይጎድልም። መላሹ ያነበበውን መልእክት የጤና ጣቢያው ነርስም በራሷ ጊዜ ታነብበዋለች።

የዚያ ገበሬ ልጆች እናታቸው ደረሰችላቸው። ልጇ ትኩሳት ይዞት ለቦትሽ የጻፈች እናት ግን መልእክቷ ከረገፈ፣ ከአንቺ በቀር ማን እንደሚደርስላት እኔ አላውቅም። ተነሺ፣ ዛሬውኑ ከምሪ።