ጎተራውን ያገባች አይጥ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ በረቱን ክፈቱልኝ።

አንዲት ቆንጆ አይጥ ነበረች። ሁለት ወንድ አይጦች፣ አንዱ ከማሳ ዳር፣ አንዱ ማሽላ ከሞላ ጎተራ፣ በአንድ ሰሞን ሽማግሌ ላኩባት። የሁለቱንም መልእክት ይዘው የመጡት አባ ኤሊ ነበሩ።

«የማሳው ልጅ ለሁለት የሚበቃ ጉድጓድ ቆፍሯል» አሉ አባ ኤሊ።

«ማሽላስ አለው?»

«ማሽላ እንኳ የለውም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። የጎተራውን አገባለሁ።»

«ልጄ፣ እሱን እኮ ገና በዓይንሽ አላየሽውም።»

«ጎተራውን አይቼዋለሁ፣ አባባ።»

ተዳረች። ሰባት ቀን ሙሉ ማሽላ እየበላች ወፈረች። በስምንተኛው ቀን ገበሬው እህሉን የሚጠብቅለት ድመት አምጥቶ ጎተራው ውስጥ ለቀቀ። ባል ሮጦ ግድግዳው ላይ ካለችው ቀዳዳ ገባ። ሚስትም ተከትላው ደረሰች፤ ቀዳዳዋ ግን ከአንድ አይጥ በላይ አትይዝም።

«ኧረ እባክህ ጠጋ በልልኝ!» አለችው።

«የት ልጠጋ? ስትመጪ ስለ ማሽላው እንጂ ስለ ቀዳዳው መቼ ጠየቅሽ?» አላት ከውስጥ ሆኖ።

ድመቷ ምንም አልጠየቀችም።