ያልታጠፈው ክንድ

አንድ ግብ ጠባቂ ነበረ፤ አስናቀ ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀባ ይከርምና እሁድ እሁድ ለሰፈሩ ቡድን ግብ ይጠብቃል። ከኳስ አብልጦ የሚወደው ሰው ቢኖር ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነቡ ብቻ ናት።

አንድ እሁድ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር ቀኝ ክንዱ ክርኑ አጠገብ ተሰበረ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አድርጎ አጥንቱን በብረት አጋጠመለት። ሲያሰናብተውም፣ "ቁስሉ ሲደርቅ ክንድህን ማጠፍና መዘርጋት ጀምር። ያምሃል፤ ቢያምህም እንዳትተው። ወደ ግብህ የሚመልስህ እሱ ነው" አለው።

ቁስሉ ደረቀ። አስናቀ ክንዱን ሊያጥፍ ሲሞክር ግን ሕመሙ አስጮኸው። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ በርራ ወጣች።

"ኧረ በሥላሴ! ደግመህ ልትሰብረው ነው?" አለችና ክንዱን መልሳ በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችው። "እኔ እያለሁ ይቺን እጅ እንዳታንቀሳቅሳት!"

በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ ስለዚህ ታጎርሰው ጀመር። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" እያለች ሁለተኛውን፣ ያ ሳይዋጥ ሦስተኛውን ታስከትላለች። ጎረቤትም ሲመጣ ያጎርሰዋል። የቡድን ጓደኞቹ የጫማውን ክር ያስሩለታል። አስናቀ ወፈረ። እንዲህ ያለውን ስብራት ማን ይጠላል!

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ራጁን አይቶ ፈገግ አለ። "አጥንትህ ግሩም አድርጎ ገጥሟል። እስቲ እጅህን ወደ አፍህ አምጣ።"

አስናቀ ሞከረ። ክንዱ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀርቷል፤ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። ደግሞ ሞከረ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ፣ እጁ ግን አገጩ ጋ እንኳ አልደረሰችም። በድንጋጤ አፈጠጠባት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለችው።

"እስከ ዛሬ በምንህ ስትበላ ነበር?" አለ ሐኪሙ።

"እኔ ነኛ የማጎርሰው!" አለች እትዬ ዘነቡ በኩራት። "አንዲት ቀን በእጁ አልበላም።"

"እናቴ፣" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ "ስብራቱን እኔ ጠግኜዋለሁ። ክንዱን ያሰሩት ግን እርስዎ ነዎት። አሁን ካልጀመረ እንደዚሁ ይቀራል።"

እትዬ ዘነቡ ክው አለች። "እኔ? ወንድሜን? እኔ?" ወንድሟን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

ምሳ ቀረበ። እንደ ልማዷ ጠቅልላ አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው። የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ያጎረሰ ያውቀዋል። አስናቀ እያቃሰተ ክንዱን ሊያጥፍ ታገለ፤ ምግቡ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አለቀሰች፤ አላጎረሰችውም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጉርሻው አፉ ደረሰ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

"እትዬ፣ ብዪ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ" አላት እያኘከ።

"ጠገብኩ" አለች። ገና አንዴም አልቀመሰችም ነበር።

አስናቀ ወደ ግቡ ተመልሷል። ክንዱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ኳስ ግን ይይዛል።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ሰው ከሕመም ለማዳን ብለን አቅሙን የምንነጥቅበት ጊዜ አለ። መውደድ ማጉረስ ብቻ አይደለም፤ እጅን ሰብስቦ፣ እያለቀሱም ቢሆን፣ መጠበቅም ነው። እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፦ እናንተ እያጎረሳችሁት የደረቀው የማን ክንድ ነው?